የማይስቀው ሰውዬ

አንዳንድ ኮሜዲ አለ፣ በጣቶቼ መሃል አጮልቄ የማየው። ሰውዬው አፉን ሊከፍት ሲል «በናትህ ተው፣ ዝም በል» እለዋለሁ። እሱ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው፣ አይሰማኝም። ይናገራል። ክፍሉ ጭጭ ይላል። የሚዋረደው እሱ፣ የሚያልበው እኔን። እንዲህ ተሸማቅቄ ሳበቃ ደግሞ እጄ ቀጥታ የሚሄደው «ቀጣይ ክፍል» ወደሚለው ነው።

ሼም የሚያሲዝ ኮሜዲ የምለው ይህን ዓይነቱን ነው። አንድ ሰው ራሱን ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ ያያል። ዙሪያውን ያለው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ አያውቀውም። እኛ ደግሞ ኩም የሚልባትን ደቂቃ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ይህን ነገር ከልባቸው የሚጠሉ ሰዎች አሉ። አልፈርድባቸውም። ለመሳቅ ተቀምጦ መጨነቅ ምን የሚሉት መዝናናት ነው?

እኔ እወደዋለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም። አንዱን ደጋግሜ አይቼ አልጠግበውም፤ ሌላውን ገና ሲጀምር እዘጋዋለሁ። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይገርመኝ ነበር። አሁን የገባኝ ይመስለኛል። የሚያስቀኝ የሚቀባጥረው ሰውዬ አይደለም። አጠገቡ ሆኖ የሚያየው ነው። ያ የማይስቀው።

«ዘ ኦፊስ»ን ልውሰድ፤ የእንግሊዙን። ሪኪ ጀርቬስና ስቲቨን መርቸንት የሠሩት ነው። ቢቢሲ 2 ላይ በ2001 ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሁለት ምዕራፍ ሄደ፣ እያንዳንዱ ስድስት ክፍል። በ2003 በሁለት ክፍል የገና ልዩ ዝግጅት ተጨመረበትና አለቀ። ታሪኩ ወረቀት የሚሸጥ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ዶክመንተሪ የሚቀርጹ ሰዎች መጥተዋል። ሥራ አስኪያጁ ዴቪድ ብሬንት ካሜራ ሲያይ ያብዳል። አለቃ መሆን አይበቃውም፤ ቀልደኛ፣ ሙዚቀኛ፣ የሁሉ ወዳጅ ተብሎ መወደድ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ክፍል ማለቂያ ላይ አንድ ትዕይንት አለ። ብሬንት ቢሮው ውስጥ ሪኪ የሚባል አዲስ የጊዜያዊ ሠራተኛ ልጅ አስቀምጧል። ልጁ እንዲደነቅበት ይፈልጋል። ስለዚህ እንግዳ ተቀባይዋን ዶውንን ያስጠራታል። ፊቱን ኮስተር አድርጎ የቢሮውን ተለጣፊ የማስታወሻ ወረቀት ስትሰርቂ ቆይተሻል፣ ተባረሻል ይላታል። ቀልድ ነው። እሱ ጭንቅላት ውስጥ የተሣለው ሥዕል መጨረሻ ላይ ሦስቱም አብረው ሲንከተከቱ ነው። ዶውን ግን ታለቅሳለች። ከልቧ። ብሬንት አሁን ቀልዱን ማቆም ነበረበት። አላቆመም። ትንሽ ገፋበት። ከዚያ ቀልድ መሆኑን ነገራት። እሷም የሚገባውን ስድብ ሰጥታው ወጣች።

አሁን ልጁን ተመልከቱት። እዚያው ተቀምጧል። መሳቅ አይችልም፤ ሴትየዋ እያለቀሰች ነው። ማጽናናት አይችልም፤ አለቃው እያየው ነው። ተነስቶ መውጣት አይችልም፤ ሥራ ከጀመረ ገና መጀመሩ ነው። ብሬንት ቀልዱን ያዘጋጀው ለእሱ ብሎ ነው፤ ያ ምስኪን ልጅ ደግሞ ሳይፈልግ የውርደቱ ምስክር ሆነ። ብሬንት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጅል ሰውዬ ነው፣ አለቀ። ልጁ ስላለ ነው ነገሩ አንጀት ድረስ የሚገባው። ምክንያቱም እኔም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ማን ያልተቀመጠ አለ? አለቃ የማያስቅ ቀልድ ሲቀልድ ፊቱን ምን እንደሚያደርገው ያልጠፋበት ሠራተኛ ካለ ይንገረኝ።

የዚህ ተከታታይ ትልቁ ብልሃት እዚያው ቢሮ የሚሠራው፣ ማርቲን ፍሪማን የሚጫወተው ቲም ነው። ቲም ብዙ አይናገርም። አንድ ነገር ሲበላሽ ቀስ ብሎ ዞር ይልና ካሜራውን ያያል። አለቀ። ቅንድቡን እንኳ በደንብ አያነሳም። በዚያች አይታ «እያያችሁ ነው አይደል?» ይለናል። እኔ ከብሬንት ንግግር ይልቅ በዚያች አይታ ነው ፍርስ የምለው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ሳቅ ስላልተጨመረበት ነው። የተቀዳ ሳቅ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነገር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቻርለስ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የድምፅ ኢንጂነር አንድ ሣጥን ሠራ። እንደ ታይፕ ቁልፎች አሉት፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳልም አለው። አንዱን ሲጫን ሴት ትስቃለች፣ ሌላውን ሲጫን አዳራሽ ሙሉ ሰው ይንጫጫል። ለብዙ ዓመታት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሳቅ ከዚያ ሣጥን እየተቀዳ ነበር የሚወጣው። ሰውዬው ሚስጥሩ እንዳይወጣበት ሣጥኑን ቆልፎበት ነበር ይባላል። እኔን ይህ ሳቅ የሚያናድደኝ የውሸት ስለሆነ አይደለም። የተዋናዩ እንባም የውሸት ነው። የሚያናድደኝ የቲምን ሥራ ስለሚቀማው ነው። እኔ በማየት ላይ ያለሁትን ነገር ሌላ ሰው ቀድሞ ፈርዶ «ይሄ ያስቃል» ይለኛል።

ስቱዲዮ ገብቶ የሚስቅ እውነተኛ ተመልካች ሌላ ነገር ነው። «ፎልቲ ታወርስ»ን ያለ ሰው ሳቅ ማሰብ አልችልም። ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ጽፈውት፣ ስድስት ክፍል በ1975፣ ስድስት ክፍል በ1979 ወጣ። ጠቅላላው አሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ዛሬም ግን ስሙ ይነሳል። እዚያ ባለ ሆቴሉ ቤዝል ሲጮህ ሕዝቡም አብሮ ይጮሃል፤ ፍጥነቱ ያንን ይፈልጋል። ሼም ግን በጩኸት አይሠራም። ዝምታ ይወዳል።

«ከርብ ዩር ኢንቱዚያዝም» ላይ ጓደኞቼ አይስማሙኝም። ብዙ ሰው የሼም ኮሜዲ ንጉሥ ይለዋል። እኔ ጭራሽ ሼም አይዘኝም። ላሪ ዴቪድ ከ2000 እስከ 2024 ራሱን የሚመስል ላሪ የሚባል ሰው ሲጫወት ኖረ። የእያንዳንዱ ክፍል ሂደት ይጻፋል፣ ንግግሩን ግን ተዋናዮቹ እዚያው ከአፋቸው ያወጡታል። ላሪ ሰው ቤት ገብቶ ለማንም የማይነገር ነገር ይናገራል፤ ሁሉም ያፈጥበታል። ግን እሱ ራሱ አያፍርም! ያላፈረ ሰው ለእኔ ሼም አያስይዘኝም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ወረፋ ላይ ስለሚቆም ሰው፣ ስለ ስልክ ሰዓት፣ ስለ ምስጋና አንድ ሺህ ትናንሽ ሕጎች አሉት፤ ግማሾቹን እኔም በሆዴ ይዣቸዋለሁ። እሱ ጮክ ብሎ ይላቸዋል፣ እኔ አልልም። ልዩነታችን ይህ ነው። ስለዚህ እሱን ሳይ የሚሰማኝ እፎይታ እንጂ ሼም አይደለም።

የምዘጋው ታዲያ የትኛውን ነው? አንደኛ የድብቅ ካሜራ ፕራንክ። አሜሪካዊው አለን ፈንት በ1948 «ካንዲድ ካሜራ»ን ወደ ቴሌቪዥን ካመጣው ጀምሮ ዓለም አልጠገበውም። እኔ ጠግቤዋለሁ። በመንገዱ የሚሄድ ሰው ይያዛል፣ ይደነግጣል፣ ሙድ ይያዝበታል፣ መጨረሻ ላይ «ካሜራው እዚያ ነው» ይባላል። እሱም በግድ ፈገግ ይላል። ያቺ የግድ ፈገግታ ታመኛለች። ብሬንት የገባበትን ጉድጓድ ራሱ ነው የቆፈረው። ይህኛው ሰውዬ ምን አጠፋ?

ሁለተኛው የአሜሪካው «ዘ ኦፊስ» ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። ይህኛው ከ2005 እስከ 2013 ዘጠኝ ምዕራፍ ሄዷል፣ 201 ክፍል። በጠቅላላው እወደዋለሁ፤ ከእንግሊዙ ይልቅ ለሰው ይራራል፣ ሲደክመኝ የማየው እሱን ነው። በዲሴምበር 2009 የወጣው «ስኮትስ ቶትስ» ግን ከእኔ ይራቅ። አለቃው ማይክል ስኮት ከዓመታት በፊት ለአንድ ክፍል ሕፃናት ቃል ገብቷል፤ ትምህርታችሁን ከጨረሳችሁ የኮሌጅ እከፍልላችኋለሁ ብሎ። ልጆቹ አድገው ሊመረቁ ነው። እሱ ገንዘብ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ትምህርት ቤት ሲሄድ ዘፈንና ጭፈራ አዘጋጅተው ይቀበሉታል። እየተነሱ ያመሰግኑታል። እሱ አለመክፈሉን ይነግራቸዋል፣ ከዚያ በኮሌጅ ፋንታ የላፕቶፕ ባትሪ ሊያድላቸው ይሞክራል።

የባትሪው ነገር፣ እውነት ለመናገር፣ በጣም ጎበዝ ቀልድ ነው። ጸሐፊው ላይ እቀናለሁ። ሆኖም ክፍሉን ዘልለው የሚያልፉ የተከታታዩ አድናቂዎች ብዙ ናቸው፣ እኔም አንዱ ነኝ። ምክንያቱ ያው ነው። እዚህ ዝም ብለው የሚያዩት ተመልካቾች አይደሉም፤ የተጎዱት ናቸው። ቲም ማታ ቤቱ ይገባል፣ ነገ ይስቅበታል። እነዚያ ልጆች ምን ይዘው ይገባሉ? ድራማ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም።

ወደ ጭውውት እንለፍ። አጭር ኮሜዲ ከተከታታዩ ይልቅ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ሰዎቹን የምታውቃቸው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ማን እብድ፣ ማን ጤነኛ እንደሆነ ቶሎ መለየት አለበት።

የዚህ ሁሉ አባት የእንግሊዙ የኮሜዲ ቡድን የሞንቲ ፓይተን «የሞተ በቀቀን» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዲሴምበር 1969 ነው። ክሊስ በቀቀን ገዝቶ ነበር፤ ሞቶ ነው የተሸጠለት። ይዞት ወደ ሱቁ ይመለሳል። ማይክል ፔሊን ባለ ሱቁ ነው፤ ወፉ መሞቱን በፍጹም አያምንም። ተኝቶ ነው ይላል። አገሩ ናፍቆት ነው ይላል። ወፉ እንጨቱ ላይ የቆመው በሚስማር ተመትቶ መሆኑ ሲጋለጥበት እንኳ ለሚስማሩ ምክንያት አለው። ሐሳቡ የመጣው ፔሊን ከገጠመው አንድ የመኪና ሻጭ ነው አሉ፤ መኪናው ምን ቢሆን ጥፋት አለበት ብሎ የማያምን። በ1968 ፔሊንና ግራም ቻፕማን መጀመሪያ በመኪና ሠሩት። ከዚያ መኪናው ወፍ ሆነ፣ ነገሩም ለዘላለም ተረፈ።

እዚህ ብዙ ሰው የሚያደንቀው ክሊስን ነው፤ ስለ ሞት የሚያወርደውን የቃላት ናዳ። እኔ ፔሊንን ነው የማየው። ቅንነት ያለው የሚመስል ፊት ይዞ ይዋሻል። እብዱ ረጋ ያለው ነው፣ የሚጮኸው ጤነኛው። ይህ መገለባበጥ ነው ጨዋታው። መጨረሻው ደግሞ የለም። ግራም ቻፕማን የጦር መኮንን ለብሶ ይገባና ጅልነት በዛ ብሎ ያስቆመዋል። ፓይተኖች ማሳረጊያ ቀልድ መፈለግ ሲሰለቻቸው እንዲህ ነበር የሚገላገሉት። ሲያዩት ስንፍና ይመስላል። እኔ ግን በግድ ከተጎተተ መጨረሻ ይህን እመርጣለሁ።

የማይስቀው ሰው መሳቅ ሲጀምርስ? የካሮል በርኔት ሾው ላይ የጥርስ ሐኪሙን ጭውውት ያላያችሁ እዩት። ቲም ኮንዌይ ገና የተመረቀ የጥርስ ሐኪም ነው። ሃርቪ ኮርማን ጥርሱን ያመመው በሽተኛ። ሐኪሙ ይደናበራል፣ ማደንዘዣውን በራሱ እጅ ላይ ይወጋዋል። እጁ ይዝላል፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። በዚያ እጅ ሥራውን ለመቀጠል ሲታገል መርፌው እግሩን ያገኘዋል። አሁን እግሩም የለም። የኮንዌይ ፊት ላይ ግን የሳቅ ምልክት የለም፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው።

ኮርማን ወንበሩ ላይ ነው፤ የትም አይሄድም። ሕመምተኛ ሆኖ መጮህ አለበት። ፊቱን ያዞራል። አፉን በእጁ ይሸፍናል። ትከሻው ግን አይታዘዝለትም፤ ይንቀጠቀጣል። ኮንዌይ ልምምድ ላይ ያላሳየውን ነገር ቀረጻ ላይ በማምጣት የታወቀ ነበር፣ ኮርማንን ለማሳቅ ብሎ። ስለዚህ የምናየው ሁለት ጨዋታ ነው፦ በሽተኛው ከሐኪሙ ጋር፣ ተዋናዩም ከተዋናዩ ጋር። ተዋናይ መድረክ ላይ ሲስቅ አልወድም እላለሁ፣ ራሳቸው በራሳቸው ቀልድ የሚዝናኑ ሲመስሉኝ እዘጋዋለሁ። ኮርማን ግን ላለመሳቅ ሞቱን ሲታገል ነው የሚሸነፈው። ያ ሌላ ነው።

ከቅርቡ የሁለቱ አሜሪካውያን ኮሜዲያን የኪና የፒል «ተተኪ አስተማሪ» አለ፣ የ2012። ኪገን ማይክል ኪ መነጽር አድርጎ ሚስተር ጋርቪ ሆኖ ክፍል ይገባል። ስም ይጠራል። ኤሮን የሚባለውን ልጅ «ኤይ ኤይ ሮን!» ይለዋል፣ ብሌክን «በላኬ!»። ልጆቹ ሲያርሙት የተናቀ ይመስለዋል፣ ይደነፋል። እሱ ጥርጥር የለበትም፤ ስማቸውን የማያውቁት እነሱ ናቸው። ኪ ድንቅ ነው። ለእኔ ግን ጭውውቱን የተሸከሙት ተማሪዎቹ ናቸው። ልክ የሆኑት እነሱ፣ ሥልጣን ያለው እሱ። አንዱ በመጨረሻ እጁን ሰጥቶ በገዛ ስሙ ስህተት አቤት ይላል። የትኛውም የፖለቲካ ቀልድ ይህን ያህል ስለ ሥልጣን አልነገረኝም። (በነገራችን ላይ የፖለቲከኛ ድምፅ ማስመሰል ብዙም አያስቀኝም። ድምፁ ሲመሳሰል እደነቃለሁ፣ ከዚያ ቀልዱን እጠብቃለሁ፣ ቀልዱ አይመጣም።)

«ዲነር ፎር ዋን»ንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የጀርመኑ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤንዲአር በ1963 ሀምቡርግ ላይ የቀረጸው ነው፤ የሚነገረው በእንግሊዝኛ፣ ርዝመቱ 18 ደቂቃ ገደማ። ጀርመኖች በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ያዩታል። ሚስ ሶፊ 90 ዓመት ሞላቸው። አራት ወዳጆቻቸውን ራት ጠርተዋል፤ አራቱም ከሞቱ ቆይተዋል። አሽከራቸው ጄምስ በአራቱም ፋንታ መጠጣት አለበት። በየምግቡ «እንደ አምናው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እመቤቲቱም እንደ ሁልጊዜው ይሉታል። ጄምስ ጥንብዝ ብሎ ይሰክራል። ወለሉ ላይ የነብር ቆዳ ተነጥፏል፤ ሲሄድ ጭንቅላቱ ያደናቅፈዋል፣ ሲመለስ ያደናቅፈዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይነካው ያልፋል። ያኔ ዞሮ ነብሩን በመገረም ያየዋል፤ ሳቄ የሚያመልጠኝ እዚህ ጋ ነው። ጄምስን የሚጫወተው ፍሬዲ ፍሪንተን የሚወድቀው ሁሉ ውጤት የሚያመጣው ደግሞ ሚስ ሶፊን የሚጫወቱት ሜይ ዋርደን ምንም እንዳልተፈጠረ ሾርባቸውን ስለሚጠጡ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢደነግጡ ሁሉም ነገር ይፈርስ ነበር።

ሚስተር ቢንን በልጅነቴ እንደ ማንኛውም ሰው በሳቅ እየተንከባለልኩ ነው ያየሁት። አሁንም እስቃለሁ፣ ግን ሳቄ ቦታ ቀይሯል። የ1990ው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ፈተና ሲቀመጥ ዓይኔ ያለው አጠገቡ ያለው ሰውዬ ላይ ነው። በሥርዓት ተዘጋጅቶ መጥቶ፣ ጎኑ ላይ ከተደቀነ መቅሰፍት ወረቀቱን ሲከላከል። ያን ሰውዬ ማንም አያስታውሰውም። እሱ ባይኖር ግን ቢን ወረቀት ላይ የሚያለቅስ ሰው ብቻ ነበር።

ስለ ብሬንት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ክሪስ ፊንች የሚባል ወዳጅ አለው፣ ሻጭ፣ ባለጌ። ፊንች በሰው ላይ ይቀልዳል፣ ብሬንት ከማንም ቀድሞ ይስቃል። ሁለቱን ምዕራፍ ሙሉ እንዲህ ነው። ፊንች በራሱ በብሬንት ላይ ሲቀልድበት እንኳ ይስቃል። በ2003ቱ የገና ዝግጅት ብሬንት ከሥራ ተባርሯል፣ ዝናው የትም አልደረሰም። ወደ ድሮ ቢሮው ግብዣ ካሮል የምትባል ሴት ይዞ ይመጣል። ጥሩ ሴት ናት፣ ሲያወሩ ተግባብተዋል። ፊንች እንደ ልማዱ ስለ እሷ አንድ ቀልድ ይወረውራል፤ የብሬንትን ሳቅ ይጠብቃል። ብሬንት አይስቅም። ፊንችን ያየውና ለምን ድራሽህ አይጠፋም ይለዋል፤ በእንግሊዝኛው ከዚህም ይብሳል። እኔ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነው የማጨበጭበው።